ከሜኑው በፊት የምሳ ሰዓቱን ያስቡ

ጥያቄ፦ «ልጄ 7 ዓመቷ ነው። የዛሬ 5 ወር ሲሊያክ የሚባል የአንጀት በሽታ እንዳለባት ተነገረን። ከዚያ ወዲህ ከግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስን በመሳሰሉ እህሎች ውስጥ ካለው ፕሮቲን፣ ነፃ የሆነ ምግብ ብቻ ነው የምትበላው። አሁን ሆዷ ተሽሎታል፣ ክብደትም ጨምራለች። በሚቀጥለው ወር ለ4 ቀን ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ልንወስዳት ቃል ገብተናል። እኔን ግን ምሳዋ እንቅልፍ ነስቶኛል። ምግቧን በሙሉ ተሸክሜ ልሂድ ወይስ እዚያ የሚሸጠውን ልመን? ባለቤቴ ‹ሜኑው ላይ ከግሉተን ነፃ የሚል አለ፣ ምን ያስጨንቅሻል› ይለኛል። አማቴ ደግሞ ‹የዘመኑ ፋሽን ነው፤ ለ4 ቀን ምን ትሆናለች፣ ልጅቷን አታሳቅቂያት› ይላሉ። በስህተት ብትበላስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ጉዞውን አይሰርዙ። ይህን አስቀድሜ የምለው በምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ከሚመጡ ወላጆች ብዙዎቹ በልባቸው «ብንቀር ይሻል ይሆን?» እያሉ ነው የሚመጡት። አይሻልም። ልጅዎ በዚህ አመጋገብ ዕድሜ ልኳን ትኖራለች። «በእኔ ሆድ ምክንያት ቀረን» የሚለው ነገር አንዴ ልቧ ውስጥ ከገባ፣ እሱን ማውጣት ምሳ ከማዘጋጀት በጣም ይከብዳል።

ወደ ባለቤትዎና ወደ አማትዎ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ስህተት ልንገርዎ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ሆኜ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ ሲሊያክ ያለበት ልጅ ይዞ ወደ መዝናኛ ፓርክ ለሚሄድ ቤተሰብ ሁለት ገጽ ሙሉ ዝርዝር አዘጋጅቼ ሰጠሁ። የትኛው ምግብ ቤት ምን አለው፣ ምን ይታዘዛል፣ ምን አይነካም። ኮራሁበት። ሲመለሱ ግን ልጁ በሁለተኛው ቀን ታሞ እንደነበር ነገሩኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው ነው ያሳመመው ብዬ ደነገጥኩ። የትኛውም አልነበረም። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ ልጁ ርቦት ማልቀስ ጀመረ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ምግብ ቤት የፓርኩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። አባትየው አጠገቡ ካለው ጋሪ ድንች ጥብስ ገዛለት። ድንች ምን ግሉተን አለው?

ድንቹስ የለውም። የተጠበሰበት ዘይት ግን ቀኑን ሙሉ በዱቄት የተለወሰ ዶሮ ሲጠበስበት ነው የዋለው።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ስህተት የሚሠራው ወላጅ ባለማወቁ ብቻ አለመሆኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ልጅ ሲርበው ነው። የተራበ ልጅ ይዞ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ የምግብ ጽሑፍ በጥሞና የሚያነብ ሰው አላየሁም። እኔም አላነብም። ስለዚህ ምክሬ በሙሉ የሚያጠነጥነው «ልጅቷ በየትኛውም ሰዓት እንዳይርባት ምን ላድርግ?» በሚለው ላይ ነው። ይህ ከተመለሰ ሌላው ይቀላል።

አሁን ለመጀመሪያ ጥያቄዎ። ሁሉንም አይሸከሙ፣ ሁሉንም አይመኑ። በእኔ ልምድ የሚሠራው አከፋፈል ይህ ነው፦ ቁርስ ካረፋችሁበት ክፍል፣ በቀን አንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ የቀረው በሙሉ ከቦርሳዎ። ሁሉን ተሸክመው ከሄዱ እርስዎ ለ4 ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ነዎት፤ ልጅቷም ሌላው ሰው ጠረጴዛ ይዞ ሲበላ እሷ ከሳጥን እየበላች ትውላለች። ሁሉን ካመኑ ደግሞ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ አምስት ስድስት የተለያየ ሰው ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ቀን ይደክምዎታል። ሲደክምዎት ደግሞ «ይሁን እስቲ» ይላሉ።

ማረፊያ ስትይዙ ፍሪጅ ያለው ክፍል ይጠይቁ። ማይክሮዌቭ ካለው እሰየው። የሆቴል ቁርስ ቡፌን ለልጅዎ አልመክርም። ምግቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አንዱ እንግዳ ዳቦ በያዘበት መቆንጠጫ እንቁላል ያነሳል፤ ሌላው የዳቦ ፍርፋሪ ያለበትን ቢላ ማርማላታው ውስጥ ይነክራል። ቶስተሩንማ ተዉት፤ ከሥሩ የሚረግፈው ፍርፋሪ ብቻውን ይበቃል። የእንቁላል ኦምሌትም ቢሆን እንዲነፋ ብለው የፓንኬክ ሊጥ የሚቀላቅሉበት ቦታ አለ። ከክፍል ሳትወጡ ጠግባ ከወጣች ግማሹ ቀን ተሻገረ ማለት ነው።

ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ ልምጣ፤ «ሜኑው ላይ አለ» ወደሚሉት። ግማሽ እውነት ነው። ሜኑ የሚነግርዎት ምግቡ ከምን እንደተሠራ ነው። ልጅዎን የሚያሳምማት ግን ብዙ ጊዜ ምግቡ የተሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ይህ ግሉተን አለው ወይ?» ብለው አይጠይቁ። አስተናጋጁ «የለውም» ይልዎታል፤ አልዋሸም። «እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብለው ይጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ሰውየውን ወይ ወጥ ቤት ትልከዋለች ወይ ታፋጥጠዋለች። ሁለቱም ይጠቅምዎታል።

በርገር ካለ፦ ዳቦው የሚሞቀው ሥጋው በሚጠበስበት ብረት ላይ ነው? ፓስታ ካለ፦ የሚቀቀለው በአዲስ ውሃ ነው ወይስ የስንዴው ፓስታ በተቀቀለበት? ዶሮ ካለ፦ በምን ተቀምሞ አደረ? ሶያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለው፤ ሰው ይህን ስለማያውቅ «ዱቄት የለበትም» ብሎ በልቡ ሙሉ ነው የሚነግርዎት። ሾርባና መረቅ በዱቄት ይወፍራሉ። የተፈጨ ሥጋ እንዲያያዝ የዳቦ ፍርፋሪ ይገባበታል። ድንች ጥብስ ካለ፦ የራሱ ዘይት አለው ወይ? «ዘይቱ በጣም ስለሚሞቅ ይገድለዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ግሉተን ተሕዋስ አይደለም፤ ፕሮቲን ነው። የሚሞት ነገር የለውም።

መልሱን ሲሰሙ ሰውየውን ይዩት። «ቆይ ሼፉን ልጠይቅ» ያለ ሰው ጥሩ ሰው ነው። «ችግር የለም፣ ችግር የለም» የሚልዎትን ግን ይፍሩት። ሰላጣው ላይ ያለውን የተጠበሰ ዳቦ አንስቶ ያንኑ ሳህን የሚመልስልዎትን ደግሞ አመስግነው ይነሱ።

ሲጠይቁም «ግሉተን አንበላም» ከማለት «ሲሊያክ የሚባል በሽታ አለባት፤ ትንሽ ፍርፋሪም ያሳምማታል» ይበሉ። ዛሬ በምርጫው ግሉተን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ አስተናጋጁም ከዚያ ወገን እንዳይመድብዎት። ሜኑው ላይ «ለግሉተን ተስማሚ» ወይም «ያለ ግሉተን የተዘጋጀ» የሚሉ ለስላሳ አባባሎችን ካዩ ደግሞ ይጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ ትርጉማቸው «ዕቃው የለበትም፣ ስለ ወጥ ቤቱ ግን ኃላፊነት አንወስድም» ነው። «ከስንዴ ነፃ» የሚለውም አይበቃም። ገብስና ራይ የተባለው እህልም ግሉተን አላቸው።

እዚህ ላይ የምትሄዱበት አገር ሕግ ለውጥ ያመጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ጭምር፣ ምግባቸው ውስጥ ግሉተን ያለው እህል መኖር አለመኖሩን ለደንበኛ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ እዚያ ሲጠይቁ መብትዎን ነው የሚጠይቁት። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው የታሸገ ምግብ ላይ ስንዴ በስሙ እንዲጻፍ ነው፤ ገብስን አይጨምርም። ስለዚህ ብስኩት ወይም ቸኮሌት ሲገዙ «ስንዴ» የሚል ስላጡ ብቻ አይደሰቱ። «ብቅል» የሚል ካለ ከገብስ ነው፤ ይተዉት። በሁለቱም ቦታ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የተጻፈበት የታሸገ ምግብ፣ በ1 ኪሎ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። በእሱ መተማመን ይችላሉ። የስንዴ ዘለላ በመስመር የተሰረዘበት ክብ ምልክትም በብዙ አገር የታወቀ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ እንደ መድኃኒት ይጠቀሙበት። ምሳ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል፣ እራት ከቀኑ 11 ሰዓት። ሁሉም ሰው 7 ሰዓት ላይ ሲጋፋ እናንተ በልታችሁ ጨርሳችኋል። ይህ ለሰልፍ ብቻ አይደለም። በ5 ሰዓት ተኩል ወጥ ቤቱ ፀጥ ያለ ነው። ሼፉ ወጥቶ ሊያነጋግርዎት፣ መጥበሻ ሊያጥብ፣ ጓንት ሊቀይር ጊዜ አለው። በ7 ሰዓት ያው ሼፍ፣ ያው ቅን ልብ እያለው፣ 40 ትእዛዝ ፊቱ ተሰልፎ ይረሳል። ደግሞም እናንተ የምትበሉበት ሰዓት ሌላው ሰው የመጫወቻ ማሽኖቹ ጋ የሚጋፋበት ነው፤ እሱ ሊበላ ሲሄድ ሰልፉ ለእናንተ ይቀላል። ልጅዎ ይህን ስታውቅ ሲሊያክን ልትወደው ምንም አይቀራት።

ቦርሳውን በተመለከተ፣ ከመሄድዎ በፊት ለፓርኩ ይጻፉ። ከውጭ ምግብ አይገባም የሚሉ ፓርኮችም በሐኪም ለታዘዘ አመጋገብ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ፤ የሰጡዎትን የጽሑፍ መልስም ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ከቢሮው ጋር ላይነጋገር ይችላል። የመስታወት ዕቃ አይያዙ፤ ብዙ ቦታ አያስገቡትም። ድንበር የምታቋርጡ ከሆነ ሥጋ፣ ወተትና ትኩስ ፍራፍሬ ሊወሰድባችሁ ስለሚችል የታሸገ ደረቅ ነገር ይዛችሁ ሂዱ፤ ትኩሱን እዚያው ትገዛላችሁ።

ምን ይያዝ? እሷ የምትወደውን። ይህ ቀልድ አይደለም። ፓርክ ውስጥ አዲስ ዓይነት ከግሉተን ነፃ ብስኩት የሚሞከርበት ቀን አይደለም፤ ቤት ሞክራችሁ የወደደችውን ብቻ ይያዙ። የሩዝ ወይም የበቆሎ ደረቅ ኬክ፣ ሙዝ፣ ፖም፣ ዘቢብ፣ ለውዝ የማያስቸግራት ከሆነ ለውዝ፣ አይብ፣ የተቀቀለ እንቁላል። እንቁላልና የበሰለ ሩዝ ግን ሙቀት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆዩ። ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ባለበት ቀን ከ1 ሰዓትም አይለፉ። የበረዶ ፓኬት ያለው ቦርሳ የማይመች ከሆነ ደረቁን ብቻ ይዘው ይግቡ። ምግቡን በሁለት ቦርሳ ይክፈሉት፤ አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ ባለቤትዎ ጋ። አባትና ልጅ አንድ ማሽን ላይ፣ እናትና ቦርሳ ሌላ ጫፍ ላይ ሲሆኑ ነው ያ የ8 ሰዓቱ ነገር የሚፈጠረው።

ሌላ ትንሽ ነገር። የእጅ ማጽጃ ጄል ጀርም ይገድላል እንጂ ግሉተን አያነሳም። ማሽኖቹን ሌሎች ልጆች ብስኩት እየበሉ የያዟቸው ናቸው። መንካቱ ምንም አያደርጋት፤ ችግሩ ጣቷ አፏ ሲገባ ነው። ከመብላቷ በፊት በሳሙናና ውሃ ትታጠብ፤ ውሃ ከሌለ በእርጥብ ሶፍት በደንብ ይጥረጉላት።

አይስክሬም አይቀርም፤ ትብላ። በኮን ሳይሆን በኩባያ፣ አዲስ ከተከፈተ ዕቃ፣ በታጠበ ማንኪያ። ማንኪያው ቀኑን ሙሉ ኮን ሲነካካና የብስኩት ፍርፋሪ ካለበት አይስክሬም ሲጠልቅ ነው የሚውለው። በእንጨት ላይ የታሸገ የበረዶ ከረሜላ ከሁሉም ይቀላል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብበው ይስጧት። ፈንድሻም ጥሩ ነው፤ የሚቀመምበትን ዱቄት ግን ይጠይቁ።

አሁን አማትዎ። እባክዎ አይጣሏቸው። ክፋት አይደለም፤ ለብዙ አያቶች ፍቅር ማለት ማብላት ነው። ፋሽን ነው ለሚሉት ግን መልስ አለኝ። ዊለም ካረል ዲከ የሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ አገሩ ዳቦ ጠፍቶ ሕዝቡ ተራበ። ይህ በሽታ የነበረባቸው ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ በሽታቸውም ተመለሰ። ዲከ ከዚያ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የመመረቂያ ጥናቱን በዚሁ ላይ ጻፈ። ከ70 ዓመት በላይ የሆነው ፋሽን መሆኑ ነው።

«ለ4 ቀን ምን ትሆናለች» ለሚለው ደግሞ፣ ሲሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የራሱ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። አንጀቱ ውስጥ ምግብ የሚመጥጡ፣ እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይጎዱና ይተኛሉ። ያኔ ልጅ ቢበላም አይጠቅመውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት፣ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ3 ወር የወሰዱ አዋቂ ሕሙማን አንጀታቸው ሲጎዳ አሳይቷል። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ ወደ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለው። ቁራጩን 40 ቦታ ቢቆርጡት ከ40ው አንዷ ናት እንግዲህ 50 ሚሊግራም የምትሆነው። አማትዎ ይህን በዓይናቸው ይዩት። ዳቦ ቆርጠው ፍርፋሪዋን መዳፋቸው ላይ ያስቀምጡላቸው። ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ እሷ ታሳምናለች። አብረው የሚሄዱ ከሆነም ሥራ ይስጧቸው፤ የልጅቷን ቦርሳ እሳቸው ይያዙ። ማብላት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ሹመት የለም።

በስህተት ብትበላስ? ሊያጋጥም ይችላል። ሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መነፋት፣ ወይም ያለ ምክንያት መነጫነጭና መድከም ሊታይባት ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ሊዘገይም ይችላል። ምንም የማይታይባቸው ልጆችም አሉ። የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ግሉተን ይፈጫሉ ተብለው የሚሸጡ ኪኒኖችም ሲሊያክ ያለበትን ሰው አይጠብቁም፤ ገንዘብዎን አያውጡ። እንድታስመልስ አያስገድዷት። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ተቅማጥ ካለ በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ፣ ጥላ፣ እንቅልፍ። ግማሽ ቀን ማረፊያ ክፍል ብትተኛ ዓለም አይፈርስም። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘች ወይም ደም ካዩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አንድ ስህተት የ5 ወር ልፋት አያፈርስም። የሚያፈርሰው «አንዴ ከበላች ዛሬ ትብላ» ብሎ መቀጠል ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታብዎት። የስንዴ አለርጂ ሌላ በሽታ ነው። ከሲሊያክ በተጨማሪ አለርጂም አለባት ከተባሉ፣ ፊት ማበጥና መተንፈስ መቸገር ድንገተኛ ነው፤ የታዘዘላት የኤፒነፍሪን መርፌ ከእጅዎ አይለይ።

ልጅቷንም ያስተምሯት። 7 ዓመት ለአንድ ዓረፍተ ነገር አያንስም። ጋሪ ያለው ሰው ከረሜላ ሲዘረጋላት «አመሰግናለሁ፣ መጀመሪያ እናቴ ታንብበው» ማለት ትችላለች። ቤት ውስጥ ተጫወቱት፤ እርስዎ ሻጭ ሁኑ፣ እሷ ደንበኛ። ቀጥሎ ቦታ ተለዋወጡ። አጥብቃ ስትጠይቅዎትና መልስ ሲያጡ እንዴት እንደምትስቅ ያያሉ። ሌሎቹ ልጆች የሚያምር ነገር ሲበሉ እሷ ባዶ እጇን እንዳትቀር ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ በጣም የምትወደው ነገር ይኑር። እንደ ምትክ አይስጧት፤ ሌሎቹ ሳይጀምሩ እሷ ትጀምር።

የመጨረሻው ነገር ከጉዞው በኋላ ያለው ነው። ከታወቀላት 5 ወር ሆኗል ካሉ የ6 ወሩ የደም ምርመራ ቀርቧል ማለት ነው። የሚለካው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም በበሽታው ምክንያት የሰውነቷ መከላከያ የሚያመርተው ነገር፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ብዙ ልጆች ላይ ከዚያም በላይ ወራት ይፈጃል። በጉዞው ላይ ያጋጠመ ስህተት ካለ ለሐኪሟ ይንገሩ። ውጤቱ ከበፊቱ ወርዶ ገና ከፍ ያለ ቢሆን ግን መዝናኛ ፓርኩን አይውቀሱት። አማትዎንም ጭምር።